ዕረፍት በጃማይካ ደሴት

ስለ ሥራ ክቡርነት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ዕረፍት ክቡርነት ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ዕረፍት የሥራ ወንድም ሆኖ ሳለ፥ አንዳንድ ሰዎች የስንፍና ዘመድ አድርገው ይቈጥሩታል። ከዚህም የተነሣ አንድ ሕዝብ ሲበላና ሲጠጣ፥ ሲጫወትና በዝግታ ሲራመድ የተመለከተ እንግዳ፥ ‹‹ይህ ሕዝብ ሥራ አይወድም›› ብሎ ለመፍረድ ይቸኵላል። እንዲህ ያለው ፍርድ እውነት መሆኑ ወይም ሐሰት መሆኑ የሚታወቀው በታሪክ ሲመረመር ነው። እኛም ለዚህ ምርመራ የመረጥነው፥ በዓለም ዘንድ የዕረፍት አገር ተብላ ስሟ የተጠራውን የጃማይካን ደሴት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከሰሜን አሜሪቃና ከኤውሮፓ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቈጠሩ እንግዶች ብርዱን ሸሽተው ወደዚህች ደሴት ይመጣሉ። ሞንቴጎ ቤይ፥ ኔግሪልና ኦቾ ሪዮስ በተባሉት ከተሞች ባሕር ዳር ይቀመጣሉ፤ ከሸንኮራ አገዳ የወጣውን ሩም የተባለ መጠጥ ከፍራፍሬ ጭማቂ ጋር እየቀላቀሉ ይጠጣሉ፤ በቅመም ታሽቶ በጢስ የበሰለውን ዶሮ ይበላሉ። የአገሩ ሰው ‹‹አሁን እመጣለሁ›› ብሎ ሲሄድ፥ ያ ‹‹አሁን›› ከአንድ ሰዓት በኋላ፥ አንዳንድ ጊዜም ነገ ሊሆን ይችላል። ይህ አነጋገር ለእኛም ጆሮ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ጐብኚውም መጀመሪያ ይናደዳል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ያስቀምጠዋል። ወደ አገሩ ሲመለስም፥ ‹‹እነዚያ ሰዎች አሳብ የሚባል ነገር የላቸውም›› ብሎ ያወራል።

እንግዲህ ይህ አነጋገር ነው ታሪክን የሚቃወመው። ሩሙም፥ ምግቡም፥ ዝግታውም ባሕርና ፀሓይ ያለ ዋጋ የሰጧቸው ስጦታዎች አይደሉም። ሦስቱም የወጡት ዕረፍት ከተከለከለ ሕዝብ እጅ ነው።

የጃማይካ ደሴት ስፋቷ 11 ሺሕ ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ነው። ሰማያዊ ተራሮች ከተባሉት መካከል ከፍተኛው 2,256 ሜትር ይደርሳል። ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ በ1494 ዓ.ም. ሲደርስባት፥ ታይኖ የሚባሉ ሰዎች ካሳቫና በቈሎ እየዘሩ፥ ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩባት ነበረ። እስፓንያውያን ከ1509 ዓ.ም. ጀምሮ ሰፈሩባት፤ በግዳጅ ሥራና ከባሕር ማዶ በመጣ በሽታ የታይኖ ሕዝብ ጥቂት ቅሪት ብቻ እስኪተርፍ ድረስ አለቀ። በ1655 ዓ.ም. እንግሊዞች ደሴቲቱን በጦር ያዙ፤ ከዚያም በኋላ በሸንኮራ አገዳ አለበሷት። አገዳውን የሚተክሉትና የሚያጭዱት ከምዕራብ አፍሪቃ በመርከብ ተጭነው የመጡ ባሮች ነበሩ። በባርነቱ ዘመን ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ አፍሪቃውያን በጃማይካ ወደብ ላይ ወርደዋል። ነጻነት በታወጀበት በ1834 ዓ.ም. ግን በሕይወት የተገኙት ባሮች፥ በደሴቲቱ የተወለዱት ልጆች ሳይቀሩ፥ 311 ሺሕ ያህል ብቻ ነበሩ። እነዚህን ሁለት ቍጥሮች አጠገብ ላጠገብ አድርጎ የተመለከተ ሰው፥ የስኳር ሥራ ምን ያህል ሰው እንደ ፈጀ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

የስኳር ሥራ ዕረፍት የማያውቅበት ምክንያት በአገዳው ጠባይ ውስጥ ይገኛል። አገዳ ከተቈረጠ በኋላ ብዙ አይቈይም፤ ቶሎ ካልተጨመቀ ውኃው ይኮመጥጣል፥ ስኳሩም ይጠፋል። ስለዚህ በአጨዳ ወራት መጭመቂያው ቀንና ሌሊት ይዞር ነበረ። ሠራተኞቹ ቀን በእርሻ ውለው ማታ ደግሞ በተራ ወደ መጭመቂያውና ወደ ማፍያው ቤት ይገቡ ነበረ። እንቅልፍ ያሸነፈው ሰው እጁን መጭመቂያው ሲይዘው የሚቈርጡበት መጥረቢያ በአጠገቡ ይቀመጥ እንደ ነበረ የዘመኑ ጽሑፎች ይመሰክራሉ።

ሩም የተወለደው ከዚህ ቤት ነው። የአገዳው ውኃ ፈልቶ ስኳሩ ሲረጋ፥ ከሥሩ ሞላሰስ የተባለ ጥቍር ወፍራም ፈሳሽ ይንጠፈጠፋል። ይህንን በውኃ በጥብጠው፥ እኛ አረቄ ስናወጣ ድፍድፉን እንደምናቈየው፥ እስኪቦካ ያቈዩታል፤ ከዚያም በመዳብ ጋን አፍልተው እንፋሎቱን በማቀዝቀዝ መጠጡን ያወጣሉ። ጃማይካውያን ከሌሎች ደሴቶች የሚለዩበትም ብልኃት አላቸው፤ ይኸውም አረቄው ከወጣ በኋላ በጋኑ የሚቀረውን አተላ ሳይደፉ አቈይተው ከሚቀጥለው ድፍድፍ ጋር መቀላቀል ነው። የጃማይካ ሩም ከሩቅ የሚታወቅበት ብርቱ ሽታ በከፊል የሚመጣው ከዚህ ነው። ዛሬ በቅዱስ ኤልሳቤጥ አውራጃ የሚገኘው የአፕልተን እርሻ ከ1749 ዓ.ም. ጀምሮ ሩም ማውጣቱ ተመዝግቧል። በ1825 ዓ.ም. ደግሞ ጆን ሬይ የተባለ ሰው በኪንግስተን ከተማ የመጠጥ ቤት ከፈተ፤ ሬይ ኤንድ ኔፊው በተባለው ድርጅት ስም ዛሬ የሚሸጠው ነጭ ሩም ከመቶ 63 እጅ አልኮል ስላለው፥ ያልለመደ ሰው ሊደፍረው አይገባም።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከበኞች ዕለታዊ ድርሻቸው ሩም ነበረ። በ1740 ዓ.ም. አድሚራል ቬርኖን ስካሩ ስለ በዛ በውኃ ተበርዞ እንዲሰጥ አዘዘ፤ ድርሻውም ጨርሶ የተቋረጠው በ31 ሐምሌ 1970 ዓ.ም. ነው። ባሮቹም በበኩላቸው በዝናብ ወራትና ከባድ ጕድጓድ በሚቈፍሩበት ጊዜ ጥቂት ሩም ይታደላቸው ነበረ። ይህም ለመዝናኛ ሳይሆን፥ የደከመ አካል ጥቂት ጊዜ እንዲጨምር ነው። ዛሬ የመዝናኛ ምልክት ሆኖ በብርጭቆ የሚቀርበው መጠጥ፥ በዚያን ጊዜ የሥራ መንጃ እንደ ነበረ ልብ ማለት ይገባል።

ስለ ምግቡም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ጌቶቹ መሬቱን ሁሉ ለአገዳ ስለ ፈለጉት፥ ለባሮቹ ቀለብ በርካሽ የሚገኘውን፥ ከሰሜን አትላንቲክ ባሕር ተጠምዶ በጨው የደረቀውን ዓሣ ያስመጡ ነበረ። የቀረውን ምግብ ራሳቸው እንዲያመርቱ ለአገዳ የማይሆነውን ተራራማ መሬት ሰጧቸው። እርሱንም የሚያርሱት በእሑድ ቀንና፥ ከአጨዳ ወራት ውጭ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ በሚሰጣቸው አንድ ቀን ነበረ። በዚህ መሬት ላይ የአፍሪቃን ቦዬ፥ ሙዝ፥ ካሳቫና ቃሪያ ተከሉ። ከራሳቸው የተረፈውን በራሳቸው ተሸክመው በእሑድ ገበያ ይሸጡ ጀመር። ኤድዋርድ ሎንግ የተባለው እንግሊዛዊ፥ የባርነት ደጋፊ ሆኖ ሳለ፥ በ1774 ዓ.ም. ባሳተመው የጃማይካ ታሪክ፥ በደሴቲቱ ከሚዘዋወረው ገንዘብ አምስተኛው እጅ በባሮች እጅ እንደሚገኝ ገምቷል። እንግዲህ በሕግ የራሳቸው አካል እንኳ የራሳቸው ያልሆነ ሰዎች፥ ለዕረፍት በተሰጠቻቸው በአንዲት ቀን ነጻ ገበያ አቋቋሙ ማለት ነው። ታዲያ ሰነፍ ማን ነው?

ጃማይካውያን የአገራችን ምግብ ብለው የሚኰሩበት፥ አኪ ከሚባለው ፍሬ ጋር የሚጠበሰው የደረቀ ዓሣ ነው። አኪ በ18ኛው መቶ ዓመት ከምዕራብ አፍሪቃ የመጣ ዛፍ ሲሆን፥ ፍሬው በዛፉ ላይ በራሱ ጊዜ ሳይከፈት ከተበላ መርዝ ነው። የዳቦ ፍሬ የተባለውም፥ ባሮችን በርካሽ ለመመገብ ታስቦ፥ ካፒቴን ዊልያም ብላይ በ1793 ዓ.ም. ከታሒቲ ደሴት ያመጣው ነው። የመጀመሪያው ጕዞው መርከበኞቹ በ1789 ዓ.ም. ስላመፁበት ሳይሳካ ቀርቶ ነበረ። በሰንበት የሚቀርበው፥ በኮኮ ወተት ከአደንጓሬ ጋር የተቀቀለው ሩዝም የአፍሪቃ እናቶች ብልኃት አለበት። የፍየል ሥጋ በካሪ የሚሠሩት ግን ከ1845 እስከ 1917 ዓ.ም. ድረስ በውል ሥራ ወደ ደሴቲቱ ከመጡት 36 ሺሕ ያህል ሕንዳውያን ተምረው ነው።

ጐብኚዎች ሁሉ የሚወዱት በጢስ የበሰለው ሥጋ፥ በአገሩ ስም ጀርክ፥ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የነጻነት ሽታ አለው። ከእርሻው አምልጠው ወደ ተራራ የሸፈቱት፥ ማሩን የተባሉት ሰዎች፥ የዱር ዓሣማ እያደኑ ሥጋውን በጨው፥ በቃሪያና በፒሜንቶ ቅመም ያሹት ነበረ፤ በፒሜንቶም እንጨት ላይ በዝግታ ያበስሉት ነበረ። እንዲህ የተዘጋጀ ሥጋ ቶሎ ስለማይበላሽ ለሸፍታ ኑሮ ይስማማል። እንግሊዞች ማሩኖችን በጦር ማሸነፍ ስላልቻሉ፥ በ1739 ዓ.ም. ከመሪያቸው ከኩጆ ጋር የሰላም ውል ተዋዋሉ። በዚህም ውል ማሩኖች መሬታቸውንና ነጻነታቸውን አገኙ፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚያመልጡትን ባሮች ይዘው እንዲመልሱ ግዴታ ገቡ። ታሪክ ጣፋጩን ከመራራው ለይቶ አያቀርብም።

አሁን ወደ ጽሑፋችን ልብ እንደርሳለን። ዛሬ የእንግዶች ዋና መናኸሪያ በሆነችው በሞንቴጎ ቤይ አካባቢ፥ ሳሙኤል ሻርፕ የሚባል ማንበብና መጻፍ የተማረ ባሪያ ነበረ። በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንም ዲያቆን ሆኖ ወገኖቹን ያስተምር ነበረ። በ1831 ዓ.ም. ለወገኖቹ ያቀረበው አሳብ አጭር ነው፤ ከገና በዓል ዕረፍት በኋላ፥ ደመወዝ ካልተከፈለን ወደ አገዳው አንመለስም የሚል ነው። በዓመቱ ውስጥ ባሮች በእርግጥ የሚያርፉባቸው፥ ሥጋ የሚበሉባቸውና የሚጨፍሩባቸው ቀናት የገና ቀናት ነበሩ። ሻርፕ እነዚህን ቀናት ወደ ነጻነት መሻገሪያ ሊያደርጋቸው አሰበ። ነገር ግን በ27 ታኅሣሥ ማታ ኬንሲንግተን በተባለው እርሻ እሳት ተነሣ፤ ቃጠሎውም ከኰረብታ ወደ ኰረብታ ተላለፈ። በብዙ አሥር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ተነሣ። መንግሥቱ በወታደር ኃይል ዐመፁን አጠፋው፤ 200 ያህሉ በውጊያ ሞቱ፥ ከ300 በላይ የሚሆኑትም በፍርድ ተገደሉ። በዐመፁ የሞቱት ነጮች 14 ነበሩ። ሳሙኤል ሻርፕም በ23 ግንቦት 1832 ዓ.ም. በሞንቴጎ ቤይ አደባባይ ተሰቀለ። አደባባዩ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ እርሱም በ1975 ዓ.ም. ከደሴቲቱ ብሔራዊ ጀግኖች አንዱ ሆኖ ተሰይሟል።

የእንግሊዝ ፓርላማ በሚቀጥለው ዓመት በ1833 ዓ.ም. ባርነትን የሚሽረውን ሕግ አወጣ። ሕጉ በ1 ነሐሴ 1834 ዓ.ም. ቢጸናም፥ ባሮቹ የሥራ ተለማማጆች በሚል ስም ለጌቶቻቸው ያለ ደመወዝ እንዲሠሩ ስለ ተወሰነ፥ ሙሉ ነጻነት የተገኘው በ1 ነሐሴ 1838 ዓ.ም. ነው። የካሣ ገንዘብም ተከፍሏል፤ 20 ሚሊዮን ፓውንድ። የተከፈለው ግን ለጌቶች እንጂ ለባሮች አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት ለዚህ ሲል የተበደረውን ዕዳ ከፍሎ የጨረሰው በ2015 ዓ.ም. ነው።

ነጻ የወጡት ሰዎች ከአገዳው እርሻ እየራቁ መሬት ገዙ። ጄምስ ፊሊፖ የተባለው የባፕቲስት ሰባኪ በ1835 ዓ.ም. በገዛው መሬት ላይ ስላይጎቪል የተባለች የነጻ ሰዎች መንደር ተቈረቈረች፤ ሌሎችም መንደሮች ተከተሏት። በእነዚህም መንደሮች ዝንጅብል፥ ቡናና ቦዬ ያመርቱ፥ ልጆቻቸውን ያስተምሩ ጀመር። በጥቂት ሳንቲም ለቀድሞ ጌታቸው ከመሥራት ይልቅ ለራሳቸው መሥራትን በመምረጣቸው፥ የእርሻ ጌቶች ሰነፎች አሏቸው። ስሙ የገነነው ጸሓፊ ቶማስ ካርላይልም በ1849 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፥ ጥቍሮቹ ዱባ እየበሉ መቀመጥ እንጂ መሥራት አይፈልጉም ሲል አፌዘባቸው። የደሴቲቱ ሰው ሥራ አይወድም የሚለው ወሬ በጽሑፍ ከተስፋፋባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ልብ በሉ፤ ክሱ የተነሣው ሰዎቹ መሥራት በተዉ ጊዜ አልነበረም፤ ለሌላው ያለ ልክ መሥራትን በተዉ ጊዜ ነው።

የዛሬውን የእንግዶች ንግድ መሠረት የጣለው እንኳ የእነዚሁ ገበሬዎች ድካም ነው። ሎሬንዞ ዳው ቤከር የተባለ የአሜሪቃ መርከበኛ በ1870ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ከጃማይካ ሙዝ ጭኖ ወደ ቦስተን ወሰደ፤ ሙዙን በብዛት ይተክሉ የነበሩት አነስተኛ ገበሬዎች ነበሩ። መርከቦቹ ሙዝ አራግፈው ሲመለሱ ባዶአቸውን እንዳይሄዱ፥ ብርድ የሰለቻቸውን መንገደኞች ይዘው መምጣት ጀመሩ። ቤከርም ፖርት አንቶንዮ በተባለው ወደብ የቲችፊልድን ሆቴል አሠራ። በ1891 ዓ.ም. በኪንግስተን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲደረግ ሌሎችም ሆቴሎች ተሠሩ። እንዲህም እያለ የሙዝ መንገድ የእንግዳ መንገድ ሆነ።

የአገሩ ሰው ራሱ የሚያርፍበትን ቦታ ማየት የሚወድ እንግዳ ከሆቴሉ አጥር መውጣት አለበት። በየመንደሩ መንገድ ዳር፥ በቀለም ያጌጠች ትንሽ የሩም ቤት አትጠፋም። እዚያ ሽማግሌዎች ዶሚኖ ይጫወታሉ፤ አሸናፊውም የመጨረሻውን ጠጠር ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ድረስ ይመታዋል። በገና ጊዜ እኛ ከርከዴ የምንለውን አበባ ከዝንጅብል ጋር ዘፍዝፈው፥ ሩም ጨምረውበት ለመጣው ሁሉ ይቀዳሉ። ሰው ሲሞትም እስከ ዘጠነኛው ሌሊት ድረስ ጐረቤት ተሰብስቦ እየዘፈነና እየተጫወተ ሐዘንተኛውን ያጽናናል፤ ከሩሙም ጥቂት ለሙታን ተብሎ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ጊዜ በሌላ ሰው ደወል ሲቈጠርበት የኖረ ሕዝብ፥ ጊዜውን በራሱ እጅ ባገባ ጊዜ ባይቸኵል ሊደንቀን አይገባም።

ከእኛም አገር ጋር የሚያገናኝ ነገር አለ። በ1930 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ከጫኑ በኋላ በጃማይካ ድኾች መካከል የራስ ተፈሪያን እምነት መነሣቱ የታወቀ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ21 ሚያዝያ 1966 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲደርሱ፥ ሕዝቡ የፖሊስ ጥበቃ ሳያግደው አውሮፕላኑን ከበበው። ዛሬ ጠጕሩን ያጐነጐነ የራስ ተፈሪያን ሰው ሥዕል፥ የመዝናናት ምልክት ሆኖ በየእንግዳ መቀበያው ቤትና በየሸቀጡ ላይ ይታያል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ሩም አይጠጡም፥ ሥጋና ጨውም አይቀምሱም። በ1963 ዓ.ም. በስቅለት ሰሞን፥ በሞንቴጎ ቤይ አጠገብ ኮራል ጋርደንስ በተባለው ስፍራ ከተነሣው ግጭት የተነሣ ስምንት ሰዎች ሞቱ፤ ከዚያም ብዙ የራስ ተፈሪያን ሰዎች በጅምላ ታሰሩ፥ ተደበደቡ፥ ጠጕራቸውም ተላጨ። የጃማይካ መንግሥት ስለዚህ በደል ይቅርታ የጠየቀው በ2017 ዓ.ም. ነው።

ጃማይካ በ6 ነሐሴ 1962 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ሆናለች። ሆኖም የዕረፍት ጥያቄ ዛሬም በሌላ መልክ ይነሣል። በቅኝ ግዛት ዘመን በ1956 ዓ.ም. የወጣው የባሕር ዳርቻ ሕግ፥ ዳርቻውን የዘውዱ ይዞታ ስላደረገ ለሕዝቡ ጠቅላላ የመግባት መብት አልሰጠም። ብዙ መልካም ዳርቻዎች በሆቴሎች አጥር ውስጥ ገብተዋል፤ ልጆቹን ይዞ ባሕር ሊዋኝ የሚሄድ የአገሩ ሰው በገዛ ደሴቱ በር ላይ ይመለሳል። በቅርብ ዓመታት ይህ ጉዳይ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። እንግዳው ያለ አሳብ በሚተኛበት አሸዋ ላይ የሳሙኤል ሻርፕ የልጅ ልጆች ምንጣፍ እንጂ መቀመጫ ከሌላቸው፥ ይኸውም ምንጣፉን ለሌላው ለማንጠፍ ብቻ የሚገቡ ከሆነ፥ በ1831 ዓ.ም. የተጠየቀው ጥያቄ ሙሉ መልስ አላገኘም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ሩሙን ለማምረር ወይም በዕረፍት ላይ ያለውን ሰው ደስታ ለመንሣት አይደለም። የጃማይካ ማዕድ ጣፋጭ ነው፤ ሕዝቧም እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በመዝገብና በጠመኔ አቧራ መካከል ሲደክም የኖረ ሰውም ዕረፍት ይገባዋል። ነገር ግን በጨዋ ቤት የተጋበዘ ሰው፥ ጠጁን ማን እንደ ጣለው ሳይጠይቅና ሳያመሰግን አይነሣም። ሰነፍ ብለን በችኰላ የምንፈርድበት ሕዝብ፥ ምናልባት ከእኛ አስቀድሞ ያለ ልክ የደከመ፥ የዕረፍትንም ዋጋ ከእኛ አብልጦ የሚያውቅ ይሆናል። ይህንን ከጃማይካ ታሪክ ከተማርን፥ ደሴቲቱን ለማየት ያልታደልነውም ሳንቀር ከማዕዷ ተካፍለናል።